የማይሸት ሽቶ

«ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ሽቶ የምትቀቢው ለማን ነው?»

ይሄን የጠየቁኝ ኦቦ ቶለራ ናቸው። የጠየቁኝ ደግሞ በምርቃቴ ግብዣ ላይ ነው። አምቦ ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ፣ እኔም ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ። ኦቦ ቶለራ የእማዬ የድሮ የሥራ ባልደረባ ናቸው። አንድ ትምህርት ቤት አብረው ያስተምሩ ነበር፤ በኋላ እሳቸው እንጭኒ ሄደው የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሲያወሩ ቀስ ብለው ነው፣ ድምፃቸውም ከፍ አይልም። ግን እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ሰው ማኘክ ያቆማል። ያን ቀንም ሳሎኑ በሙሉ ማኘክ አቆመ።

እኔ እኮ በሰው ፊት ቃል የሚያጥረኝ ሰው አይደለሁም። ሰልፍ ከሚጥስ ሰው ጋር ተራዬ ካለፈም በኋላ ቆሜ እከራከራለሁ። ያን ቀን ግን ለስላሳው ትን አለኝ። ሳልኩ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። አክስቴ ደግሞ «ለማን እንደሆነማ እኛ እናውቃለን!» ብላ ጨመረችበት። ምኑን ነው የምታውቀው? ማንም አልነበረም! ኖሮ ቢሆን አይቆጨኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መልስ ሳዘጋጅ ነው የኖርኩት። ልብስ ሳጥብ እመልስላቸዋለሁ። ሽንኩርት ስከትፍ እመልስላቸዋለሁ። አንዴ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ጮክ ብዬ «ደግሞ ለምን ለሰው ብቻ ይሆናል!» ስል ሹፌሩ ደንግጦ ጥግ ያዘና «እዚህ ነው የምትወርጂው?» አለኝ። አፍሬ ወረድኩ። ቤቴ ገና ሩቅ ነበር።

ሽቶ ላይ እንዴት እንደወደቅኩ ልንገራችሁ። በአጭሩ ነው የምነግራችሁ፤ ረጅም ወሬ ራሴም አልወድም።

ሰው መልክ ያስታውሳል፣ እኔ የማስታውሰው ሽታ ነው። የአራተኛ ክፍል መምህሬ መልካቸው ጠፍቶብኛል። የጠመኔና የብርቱካን ልጣጭ ሽታቸውን ግን ዛሬ ዓይኔን ሸፍናችሁ አጠገባቸው ብታቆሙኝ አውቃለሁ። ገበያ ስወርድ ኮረሪማውን አንስቼ አሸታለሁ፣ እመልሳለሁ፤ ጦስኙን አንስቼ አሸታለሁ፣ እመልሳለሁ። ባለ ጉሊቶቹ «ይቺ ልጅ ደግሞ መጣች፣ በነፃ ተንፍሳ ልትሄድ!» ይሉኛል። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ ዶርም የደረሰችኝ የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ሻንጣዋ ግማሹ ልብስ ግማሹ ብልቃጥ። ሽቶ የእጅ አንጓ ላይ ተቀብቶ እንደማይታሽ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሽቶ ሲገዛ መጀመሪያ ላይ የሚጮኸውን ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ቆዳ ላይ የሚቀረውን አይቶ መሆኑንም እንደዚሁ። ኬሚስትሪ ተመርቄያለሁ፤ ግን እውነቱን ለመናገር ከላብራቶሪው ይልቅ የተማርኩት እዚያች የብረት አልጋ ላይ ነው። የድሮ የፈተና ወረቀቴን ጠርዝ በቀጭን በቀጭኑ ቆርጬ ሽቶ እሞክርበታለሁ። ፈተናው ላይ ያመጣሁትን ውጤት ካያችሁ ወረቀቱ የተሻለ ሥራ አግኝቷል ትላላችሁ።

እማዬ ይሄ ሁሉ አይገባትም። በእሷ ዘንድ ሽታ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሳሙናና የኃጢአት።

ከተመረቅኩ በኋላ ያው እንደ እኩዮቼ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጠባቂ ሆንኩ። ሁሉም የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ልምዱን ከየት እንደማመጣ የሚነግረኝ ግን ጠፋ። እንዲህ ሆኜ ከረምኩና አንድ ሐሙስ ኦቦ ቶለራ እማዬ ጋ ደወሉ። የኬሚስትሪ አስተማሪያቸው ለቆባቸዋል። ቅዳሜ ትምጣና እንፈትናት፣ ከሆነች ሰኞ ትጀምር አሉ። እማዬ ስልኩን ዘግታ መጀመሪያ ጸለየች፤ ቀጥላ መመሪያ ወደ መስጠት ገባች።

«ኦቦ ቶለራን ስታገኚ እጅ ብቻ ሰጥተሽ እንዳትገተሪ። ሳሚያቸው። እንደ አባትሽ ናቸው።»

«እሺ።»

«አብረዋቸው ያሉትንም ሳሚ። አንዱን ስሞ ሌላውን መዝለል ነውር ነው።»

«እሺ።»

«ሽቶ እንዳትቀቢ።»

ሻርፔን ማጠፍ ጀመርኩ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

መስማትና እሺ ማለት አንድ አይደሉም። እማዬም ታውቃለች፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ለማንኛውም፣ ያቺን የዛን ቀኗን ነገር ካነሱብሽ ‹ትቼዋለሁ› በያቸው። አንድ ቃል ናት፣ አትገልሽም» አለች።

አሁን እኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ባዶዬን መሄድ። አውቃለሁ። ግን ያለ ሽቶ ከቤት ስወጣ ጫማዬን የረሳሁ ነው የሚመስለኝ። ስለዚህ መካከለኛ መንገድ ፈለግኩ። ዓርብ ከሰዓት ጀማል ጋ ሄድኩ። ጀማል ገበያው አጠገብ የዘይት ሽቶ በመርፌ እየቀዳ በብልቃጥ የሚሸጥ ልጅ ነው።

«ጀማል፣ የማይሸት ሽቶ አለህ?»

የያዘውን መርፌ አስቀመጠ። «አልሰማሁሽም።»

«ለኔ የሚሸት፣ ለሌላ ሰው የማይሸት።»

«የማይሸት ከፈለግሽ እኮ ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ አምቦ ቁጭ ብለሽ እኔን አትጠይቂኝም።»

«አትቀልድ፣ የሥራ ፈተና አለብኝ።»

«ታዲያ ፈተናውን በአፍንጫቸው ነው እንዴ የሚያርሙት?»

ያም ሆኖ ተባባሪ ልጅ ነው፣ ብልቃጦቹን ደረደረልኝ። አንዱ ጣፋጭ በዛበት፣ የሠርግ ኬክ መሰልኩ። አንዱ ልክ የፀጉር ቤት ነው። አንዱን ሳሸተው ያለምክንያት ሆዴ ባባ፣ «ይሄን አንሳልኝ» አልኩት። ግራ ክንዴ ሞላ፣ ወደ ቀኝ ተሻገርን፣ ቀኙም ሞላ። በመጨረሻ ጀማል ከኋላ አንዲት ጥቁር ብልቃጥ አወጣ፤ ጽጌረዳ የተቀላቀለበት ዑድ። «ይሄ ትሁት ነው» አለኝ፣ «እስኪያናግሩት አይናገርም።» አሸተትኩት። እውነትም ምንም አላለኝም። ገዛሁት።

እዚህ ላይ አንባቢ ይፍረደኝ። ሽቶ ቤት ቆሜ ያን ሁሉ ስምግ የዋልኩ ሰው፣ አፍንጫዬ ደክሞት እንደተኛ ማወቅ ነበረብኝ። ዘይት ደግሞ በብርድ እንደማይተን ማወቅ ነበረብኝ። ይሄ እኮ የተመረቅኩበት ነው! ቅዳሜ ንጋት አምቦ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። ከጆሮዬ ጀርባ ነካ አደረግኩ። ምንም። አንገቴን ነካ አደረግኩ። ምንም። ሌላኛውን ጆሮ፣ ጉሮሮዬን፣ የሻርፔን ጫፍ። አሁንም ምንም። «ምን ዓይነት ትሁት ነው ይሄ!» ብዬ ጉንጬ ድረስ ወጣሁ። እማዬ በር ላይ አስቁማ ጎንበስ ብላ አሸተተችኝ። ከረቡዕ ጀምሮ ጉንፋን ይዟት ነበር። «ጎበዝ የኔ ልጅ» ብላ ሳመችኝ፤ ባርካ ሸኘችኝ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ወጣን። መስኮቱ ሁሉ ግጥም ነው። የኛን ሚኒባስ ታውቁታላችሁ፣ መስኮት የሚያስከፍት ተሳፋሪ ገና አልተወለደም። መንገዱ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ጊንጪ ሳንደርስ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ገብታ አንገቴ ላይ ተቀመጠች። ያኔ ትሁቱ ሽቶዬ ከእንቅልፉ ነቃ።

መጀመሪያ ከፊቴ ያሉት ሰውዬ አስነጠሱ። ቀጥሎ አጠገባቸው ያለው። ከኋላ አንዲት እናት «ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

«ማነው ሽቶ የፈሰሰበት?» አለ ረዳቱ።

ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው አየ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሻርፔን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ «ኧረ ሰው አይጨንቀውም!» አልኩ። ሻርፑ የተቀባ መሆኑን ያስታወስኩት ከሳብኩት በኋላ ነው። ራሴን አዞረኝ።

«ፎዳ ባኒ!» አሉ ያስነጠሱት ሰውዬ። መስኮት ክፈቺ ማለታቸው ነው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሴት ፎጣዋን ጭንቅላቷ ላይ ጠመጠመችና «ንፋስ ይምታኝ? ሽታ የገደለው ሰው ሰምተው ያውቃሉ? ንፋስ የገደለውን ግን እኔ ልቁጠርልዎት!» አለች። ክርክሩ ተጀመረ። ግማሹ መኪና የሽታ ወገን፣ ግማሹ የንፋስ ወገን ሆነ። አንዱ ጎልማሳ «እኔን ግን ደስ ብሎኛል» ቢል ሁለቱም ወገን ተባብሮ ጮኸበት። ሆለታ ልንደርስ ስንል ሴትዮዋ ራሷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ማንም ሳይነግራት መስኮቱን በረገደችው። እኔ ሆለታ ስወርድ ረዳቱ በሩን ከመዝጋቱ በፊት አየር ሳበና ወደ ውስጥ ዞሮ፦

«ወረደ! ሽታው ወረደ!»

ሆለታ አንድ ምግብ ቤት ገብቼ አንገቴን በሳሙና ፈተግኩ። ዘይት በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም፣ ይሄም የተመረቅኩበት ነው። ይልቅ አንገቴና ጉንጬ ላይ የነበረው ፊቴን ሁሉ አዳረሰ። ወደ እንጭኒ በሚሄደው መኪና መስኮት ጋ ተቀምጬ፣ ከፍቼ፣ አንገቴን እንደ ዝይ አውጥቼ ሄድኩ። ስደርስ ፀጉሬ እንደ መጥረጊያ ቆሟል፣ ሽታው ግን ያው ነው።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥበቃው ኦቦ ባይሳ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሳምኳቸው። ቢሮ ገባሁ፣ ኦቦ ቶለራ ብድግ አሉ፤ «አከም ጅርቱ፣ ኦቦ» ብዬ እማዬ እንዳዘዘችኝ ጉንጭ ለጉንጭ፣ በግራም በቀኝም፣ ደግሜ። አጠገባቸው ምክትላቸው መምህር ግርማ ነበር። አንዱን ስሞ ሌላውን መዝለል ነውር ነው። እሱንም።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አላሰብኩም። እኛ አገር ሰላምታ ማለት ጉንጭን ከጉንጭ ማተም ነው። ጉንጬ ላይ ያለው ደግሞ ማኅተም አልነበረም፣ ቀለም እንጂ።

ቃለ መጠይቁ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ፎርሙላ አለቀ። ከዚያ «እስቲ ተማሪ ነን ብለሽ አስተምሪን» አሉ ኦቦ ቶለራ፣ «ዲፊውዥን።» ወይ ጉድ! ከመጽሐፉ ምዕራፍ ሁሉ ዲፊውዥን! ጠመኔውን አንስቼ፣ ጋዝ በብዛት ካለበት ወደሌለበት እንዴት እንደሚሰራጭ፣ ለምሳሌ አንድ ጥግ የተከፈተ ሽታ ሌላው ጥግ እንዴት እንደሚደርስ ማስረዳት ጀመርኩ።

«እኔ ጋ ደርሷል» አለ መምህር ግርማ። «ቀጥይ።»

እስካሁን ይሄን ምዕራፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ ለምን ለብቻዬ እንደምስቅ አይገባቸውም። ያን ቀን ግን አልሳቅኩም። ኦቦ ቶለራም አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «የጽሑፉን ፈተና ሥሪ። ስትጨርሺ ቤት ለምሳ ነይ፣ ኦቦ ባይሳ ቤቱን ያሳዩሻል» ብለው ወጡ። ነገሩን እንዳላነሱት ሳይ ልቤ መለስ አለ። እኔ እዚያ ተቀምጬ እኩልታ ሳመጣጥን ውጭ ምን እየሆነ እንደነበር አዴ ጫልቱ፣ የኦቦ ቶለራ ባለቤት፣ በኋላ ነው የነገሩኝ።

የገበያ ቀን ነው። የኦቦ ባይሳ ሚስት ጉሊት ሽንኩርት ይሸጣሉ። ኦቦ ባይሳ ዞር ብለው ሊያዩዋቸው ብቅ ይላሉ፤ ሴትዮዋ ከሽንኩርት መሀል አፍንጫቸው ይነሳል። «ባይሳ፣ የማን ነው ይሄ?» ሰውዬው እንደሚሸቱ ጭራሽ አያውቁም፣ «ምኑ?» ይላሉ። በዚያው ቅጽበት ሽንኩርት የምትመርጥ አንዲት ሴት ቀና ትላለች። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ሰናይት ናት፣ የመምህር ግርማ ሚስት። ባሏ ገና አሁን በዚያ በኩል አልፎ ቦርሳ አቀብሏት ሄዷል። «ይሄን ሽታ እኮ አሁን ግርማ ላይ ነው ያሸተትኩት!» ትላለች። ሁለቱ ሴቶች ይተያያሉ። እንጭኒ ትንሽ ከተማ ናት። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ከሆኑ የትምህርት ቤቱን ባለቤት ሚስት መጠየቅ ነዋ፣ ብለው ሽንኩርቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው አዴ ጫልቱ ቤት።

አዴ ጫልቱም ባላቸውን ገና ከበር አሽትተው መልስ እየጠበቁ ነበር።

«ምንድን ነው?» ይሏቸዋል።

ኦቦ ቶለራ ያው ዋሽተው አያውቁም፣ «ሥራ ልትቀጠር የመጣች ልጅ ስማኝ ነው» ይላሉ።

«ስማህ? ለሥራ?»

«ግርማንም ስማዋለች።»

በዚህ ሰዓት ነው እኔ ፈተናዬን ጨርሼ፣ ርቦኝ፣ ፈገግ ብዬ የደረስኩት። ኦቦ ባይሳ በር ላይ ቀድመውኝ ገቡ፤ ሲገቡ ሚስታቸው ክንዳቸውን ይዘው ግድግዳ አስደገፏቸው። ሶፋው ላይ ኦቦ ቶለራ ርእሰ መምህር ቢሮ እንደተጠራ ተማሪ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። መምህር ግርማም ተጠርቶ መጥቶ አጠገባቸው። ከፊታቸው ሦስት ሴቶች ቆመዋል። ሦስት ባል፣ አንድ ሽታ። ምሳው ጠረጴዛ ላይ ተከድኖ ቀርቷል። ሥራዬም አብሮ የተከደነ መሰለኝ።

የፈለገ ነገር ቢኖር እንግዳ ይሳማል። አዴ ጫልቱ ፊታቸው እንደጨለመ መጡና ሳሙኝ። በግራ ሳሙኝ። በቀኝ ሊስሙኝ ሲሉ ቆሙ። ሳቡ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ ዞር በይ።»

ዞርኩ። ከጆሮዬ ጀርባ አሸተቱኝ። ሄደው ባላቸውን አሸተቱ። ተመልሰው እኔን። ወደ መምህር ግርማ ሲያመሩ ሲስተር ሰናይት «የኔን እኔው አሸታለሁ» አለችና አጣራች። የኦቦ ባይሳ ሚስት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሽንኩርቱ አላስለያቸውም ግን በድምፅ ብልጫ ተስማሙ። እኔ እንደ ጥጃ ቆሜያለሁ።

መጀመሪያ የሳቁት አዴ ጫልቱ ናቸው። ሳቃቸው ሶፋ ላይ ጣላቸው፣ ባላቸው ላይ ተደግፈው ሳቁ። «እኔን እኮ ያናደደኝ ማማሩ ነው! መጥፎ ቢሆን ምን አገባኝ! ይሄን የመሰለ ሽታ ማን ናት ብዬ ነው የተቃጠልኩት!»

ቤቱ ተነፈሰ። ኦቦ ባይሳ ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ። ኦቦ ቶለራ ግን አልሳቁም። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ትምህርቱን ትችይዋለሽ። አየሁሽ። ሰኞ ጀምሪ» አሉ። ደስታዬ እስከ ጣሪያ ሊወጣ ሲል ጨመሩ፦ «ግን ሽቶሽን አምቦ ትተሽው ነይ።»

«ትቼዋለሁ» ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። እማዬ እውነቷን ነው፣ አንድ ቃል ናት። ከኋላዋ ደመወዝ አለ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ለዘላለም መሰናበት አለ፣ የእማዬ ጸሎት አለ። አፌን ከፈትኩ።

«ይዘሽዋል?» አሉኝ አዴ ጫልቱ በመሀል።

«ምኑን?»

«ብልቃጡን ነዋ!»

ከቦርሳዬ አወጣሁ። ተቀበሉኝ፣ ከፈቱት፣ በጣታቸው አንገታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ሲስተር ሰናይት እጇን ዘረጋች። «አንጓሽን እንዳታሺው» አልኳት ሳላስበው። የኦቦ ባይሳ ሚስትም የሽንኩርት እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠርገው «ለኔም» አሉ።

ኦቦ ቶለራ ሚስታቸውን አዩ። በጣም ግራ ገብቷቸው ነበር፣ ለክፋት አይደለም።

«አንቺ ደግሞ፣ ለማን ነው የምትቀቢው?»

አዴ ጫልቱ ብልቃጡን ከድነው አገጫቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? የተማረችው እሷ ናት፣ እሷን ጠይቃት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሳሎኑ ልክ እንደ ምርቃቴ ቀን ሳሎን ሆነ፤ ያኔ የነበረው ለስላሳ ብቻ የለም። ልብስ ሳጥብ ያዘጋጀሁት መልስ፣ ባጃጅ ውስጥ የጮህኩት መልስ፣ እማዬ ያስያዘችኝ ቃል፣ ሁሉም ጠፋብኝ። የቀረኝ ገና ያላዘጋጀሁት ነበር።

«ለአፍንጫዬ ነው፣ ኦቦ ቶለራ!» አልኩ። «ሌላው ሰው የሚያሸተኝ ሲያልፍ ብቻ ነው። አፍንጫዬ ግን ቀኑን ሙሉ እኔው ጋ ነው የሚውለው። ሰኞም አብሮኝ ነው የሚመጣው።»